ስለ ፍሬንና ስለ አደራ

ሰው በዓይኑ የሚያየውን ሥራ ለማመስገን ፈጣን ነው፤ የማያየውን ሥራ ለመመርመር ግን ሰነፍ ነው። ቤት የሠራ ሰው በሩና መስኮቱ ሲያምር ይመሰገናል፤ መሠረቱ ከአፈር በታች ስለ ሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። ይሁን እንጂ ቤቱን ያቆመው መሠረቱ እንጂ መስኮቱ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠለው በዚህ በማይታየው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሊታሰብበት የሚገባ ጥያቄ ይነሣል፤ ማንም በማያየው ሥራ፥ ለማናውቀው ሰው፥ ምን ያህል ዕዳ አለብን?

ጥያቄውን በአየር ላይ አንጠልጥለን እንዳንከራከርበት፥ በጎጃም መንገድ ላይ በሚሠራ በአንድ የብረት ዕቃ እንመርምረው። ዕቃው የአሮጌ መኪና የፍሬን ታምቡር ነው። ቃሉ የመጣው ከኢጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙ ከበሮ ማለት ነው፤ በእርግጥም መልኩ አንድ ፊቱ የተከፈተ ከበሮ ይመስላል። ታምቡሩ ከጎማው ጋር ይዞራል። በሆዱ ውስጥ ሸራ የተለጠፈባቸው፥ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት ብረቶች ተቀምጠዋል። ነጂው ፍሬን ሲረግጥ እነዚህ ብረቶች ወደ ውጭ ተገፍተው ከታምቡሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ፤ መኪናውም ይቆማል። ሉዊ ረኖ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ይህን ዓይነት ፍሬን በመኪና ላይ ካዋለ ወዲህ፥ በዓለም ላይ ያሉ መኪናዎች አብዛኞቹ ለብዙ ዘመን ሲቆሙ የኖሩት በዚሁ ነው። ሸራውም ታምቡሩም ከጎማው ጀርባ ተሸሽገው ስለሚኖሩ፥ በመኪናው የሚሳፈር ሰው አንድም ቀን አያያቸውም።

በአገራችን በአራቱም እግሩ በታምቡር ከሚቆሙት አሮጌ መኪናዎች ሕዝብ በይበልጥ የሚያውቀው ቮልስን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህ መኪና ስለ ነበረ፥ በታሪካችንም ውስጥ ስፍራ አለው። የቮልስ መጨረሻው ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እንግዲህ ዛሬ ቮልስ ያለው ሰው ታምቡሩ ሲያልቅበት ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራውን አዲስ ዕቃ ይገዛል፥ ወይ ከሌላ መኪና የተፈታ አሮጌ ዕቃ ከመርካቶ፥ ከሶማሌ ተራ ያስመጣል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባለ መኪናው ራሱ መሄድ ካልቻለ ዕቃውን የሚመርጥለት የላከው ሰው ነው፤ የላከው ሰው የሻጩን ቃል ያምናል፤ መካኒኩ ደግሞ የመጣለትን ይገጥማል። ነገሩ ከመነሻው በእምነት ላይ የቆመ ነው ማለት ነው።

ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። በደብረ ማርቆስ ከተማ ሜዳው ላይ የተሞከረ ፍሬን እንደዚያ ምንጭ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ መኪናውን ያቆማል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። የፍሬኑ እውነተኛ ፈተና ግን ገና ወደ ፊት አለ። 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደጀን ከደረሰ በኋላ መሬቱ ከፊቱ ይከዳዋል። ከዚያ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ መንገዱ ለ20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ወደ 1,400 ሜትር ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ እስከ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተከፈተው ድልድይ ወንዙን መሻገርን አቅልሎታል፤ ቁልቁለቱን ግን ማንም መሐንዲስ ሊያስቀረው አልቻለም።

ይህ ቁልቁለት ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር ማየት ይቻላል። አራት ሰው የያዘ ቮልስ ወደ 1,100 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 50 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። 15 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ከሆነ ደግሞ ከ600 ሊትር በላይ ያፈላል። ነጂው ማርሹን ዝቅ አድርጎ ከወረደ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ሞተሩ ይሸከምለታል። ማርሹን ሳይቀንስ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ግን ሸክሙ ሁሉ ማለት ይቻላል በታምቡሩ ላይ ይወድቃል። ብረት ሲግል ይሰፋል፤ ታምቡሩም ሲሰፋ ግድግዳው ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ነጂው መርገጫውን ከቀድሞው ይልቅ ወደ ታች መጫን ግድ ይሆንበታል። ሸራውም ሲግል መያዙን ይተዋል። እጅግ ያለቀና የሳሳ ታምቡር ሙቀቱን የሚያጠራቅምበት ብረት ስለሚያንሰው ፈጥኖ ይግላል፤ ፈጥኖም ይሰነጠቃል። እንግዲህ በከተማ ውስጥ ያልታየው ጉድለት የሚታየው ከቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ታምቡሩን የገጠመው ሰው በአጠገቡ የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስና መካኒኩ ታምቡር ሲለውጥ ኅሊናው የት የት ላይ እንደሚፈተን እንይ።

የመጀመሪያው ፈተና በዕቃው ምርመራ ላይ ነው። ደኅና ታምቡር ተንጠልጥሎ በመዶሻ ቀስ ተደርጎ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ድምፁ ይታፈናል። ሸራው ያቦደቦደው ታምቡር ቶርኖ ቤት ተወስዶ ውስጡ ሊላግ ይችላል፤ ነገር ግን ለዚህ ወሰን አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ስፋት በላይ ሊጨመርበት የሚችለው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ያለፈውን ታምቡር አንድ ጊዜ እንደ ገና ልጎ፥ ውጭውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ፥ ደኅና ነው ብሎ መግጠም የሚያቅት ሥራ አይደለም። ገዥው ቀለሙን እንጂ ውፍረቱን አያይም።

ሁለተኛው ፈተና በጥንድነት ላይ ነው። በአንድ መስመር ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ታምቡሮች አብረው ይለወጣሉ። አንዱ አዲስ፥ ሌላው ያለቀ ከሆነ አንዱ ጎማ ከሌላው አስቀድሞ ይይዛል፤ መኪናውም ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ይህ በሰፊ ሜዳ ላይ የነጂውን እጅ ያሰለች ይሆናል፤ በገደል ጫፍ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለቤቱ የአንዱን ዋጋ ብቻ ይዞ ሲመጣ «አንዱን ብቻ ለውጥልኝ» ይላል።

ሦስተኛው ፈተና በንጽሕና ላይ ነው። አዲስ ታምቡር ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል። ይህ ዘይት በቤንዚን ታጥቦ ካልወጣ ወደ ሸራው ይገባና ሸራው ይንሸራተታል። በአሮጌው ፍሬን ውስጥ የተጠራቀመው ብናኝ ደግሞ አስቤስቶስ የተባለ ለሳንባ ጠንቅ የሆነ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል፥ በአፍ እፍ ተብሎ ወይም በነፋስ ተነፍቶ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይወጣል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ግማሽ ሰዓትና ትዕግሥት ነው። ነገር ግን ቢዘለልም ማንም አያውቅም።

አራተኛው ፈተና በማጥበቅ ላይ ነው። የቮልስን የኋላ ታምቡር የሚይዘው 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። እርሱም የሚጠብቀው በእጅ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ አንድ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ ጫፍ ላይ ቢያንስ 30 ኪሎ ያህል እንደ መጫን ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ እንዳይላላ በዳዶውና በአክሱ ቀዳዳ ውስጥ ሽቦ ይገባል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ሳይገጣጠሙ የቀሩ እንደ ሆነ ሕጉ አንድ ነው፤ ዳዶው እስኪገጥም ድረስ ወደ ፊት ይጠብቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። ወደ ኋላ ማላላት ቀላል ነው፤ ሽቦውም ይገባል፤ ለሚያየውም ሰው ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን የላላው ታምቡር በአክሱ ጥርስ ላይ እየተንገጫገጨ ጥርሱን ይበላዋል፤ ከብዙ ቀንም በኋላ ጎማውን ይለቀዋል።

እነዚህን አራቱን ስንመለከት አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አላቸው። በአራቱም ላይ ትክክለኛው ሥራና የተበላሸው ሥራ፥ ጎማው ከታሰረ በኋላ፥ ለዓይን አንድ ናቸው። ዳኛ የለም፤ ምስክር የለም፤ በደሉም በዚያው ቀን አይገለጥም። ስለዚህ መካኒኩን በዚያች ሰዓት ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሕግ ሳይሆን ሌላ ነገር መሆን አለበት። አባቶቻችን ለዚህ ነገር አንድ ቃል አላቸው፤ አደራ ይሉታል።

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አደራን ከውል የሚለየው ይህ ነው፤ ውል ሁለቱ ወገኖች ዓይን ለዓይን ተያይተው፥ እማኝ አቁመው የሚያስሩት ነው፤ ያፈረሰም ይከሰሳል። አደራ ግን የሰጪው ዓይን በሌለበት የሚጠበቅ ነው። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከብቱን ለጎረቤቱ ሲተው፥ ጎረቤቱ በየቀኑ ምን እንዳደረገ ሊያይ አይችልም፤ ስለማያይም ነው አደራ የሚለው። በአገራችንም ከሌባ ይልቅ አደራ በላ የከፋ ስድብ የሆነው፥ ሌባ የተጠነቀቀን ሰው ሲሰርቅ፥ አደራ በላ ግን ያመነውን ሰው ስለሚበላ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ተከራካሪ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «አደራ በቃል ሲሰጥ ነው። መካኒኩ የተነጋገረው ከባለ መኪናው ጋር ብቻ ነው። ባለ መኪናው ታምቡሩ ማለቁን እያወቀ ግጠምልኝ ካለ ኃላፊነቱ የራሱ ነው። መካኒኩ የታዘዘውን ሠራ፤ ሌላ ምን ዕዳ አለበት?»

ይህ ክርክር ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰው ሊፈቅድ የሚችለው የራሱ በሆነው ነገር ብቻ ነው። ባለ መኪናው ስለ ራሱ ሕይወት ቢፈቅድ እንኳ፥ ከኋላው ስለምትቀመጠው እናትና ስለ ሕፃኗ ሊፈቅድ አይችልም። ተሳፋሪዎቹስ ወደውና ፈቅደው ተሳፍረዋል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የፈቀዱት ለመሄድ እንጂ ፍሬን በሌለው መኪና ለመሄድ አይደለም። ከዚህም በቀር ከቁልቁለቱ ጥምዝ ላይ እህል የጫነ አህያውን እየነዳ ወደ ደጀን የሚወጣ ገበሬ አለ። እርሱ መኪናውንም መካኒኩንም አያውቅም፤ ምንም አልፈቀደም፤ ምንም አልጠቀመም። ነገር ግን ያ ታምቡር በዚያች ሰዓት ቢሰነጠቅ ሂሳቡን የሚከፍለው እርሱ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መካኒኩ ዳዶውን በሚያጠብቅበት ጊዜ የዚህ ገበሬ ነፍስ በእጁ ውስጥ አለች። ገበሬው አደራ አላለውም፤ አደራ ለማለትም አልቻለም። አደራ ለማለት ያልቻለ ሰው ደግሞ አደራው ከሁሉ ይልቅ የጠበቀ ነው፤ ምክንያቱም ከሌላው ሰው ኅሊና በቀር የሚጠብቀው ነገር የለውም።

ሁለተኛው ተከራካሪ ግን ከፊተኛው የበለጠ ሊደመጥ የሚገባው ነው። እርሱም እንዲህ ይላል፤ «ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ስብከት ነው። ያ አሮጌ መኪና የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው። ሁለት አዲስ ታምቡር የሚገዛበት ገንዘብ የለም። መካኒኩ አልገጥምም ቢል መኪናው ይቆማል፤ ልጆቹም ይራባሉ። የማይታወቅን አደጋ በመፍራት የታወቀን ረኃብ ማምጣት ጽድቅ ነውን?»

ለዚህ ክርክር በችኮላ የሚመልስ ሰው ድኽነትን አያውቀውም። ድኻ የሚመርጠው ከደግና ከክፉ መካከል ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከክፉና ከክፉ መካከል ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል። ድኽነት ልናደርገው የምንችለውን ነገር ይቀንሳል፤ የነገሩን እውነት ግን አይለውጥም። የሳሳ ታምቡር ለሀብታምም ለድኻም ያው የሳሳ ነው፤ ቁልቁለቱም የኪስን ባዶነት አይቶ አይራራም። እንዲያውም በአሮጌ መኪና የሚሳፈረውና በመንገዱ ዳር በእግሩ የሚሄደው ያው ድኻው ስለ ሆነ፥ ለድኻ ባለ መኪና ተብሎ የተዘለለው ጥንቃቄ የሚቀነሰው ከሌላ ድኻ ሕይወት ላይ ነው።

ደግሞም ከጥንቃቄው ብዙው ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑን አይተናል። ታምቡርን በመዶሻ አንኳኩቶ መስማት ዋጋ የለውም። ዘይቱን ማጠብ፥ ዳዶውን ወደ ፊት ማጥበቅ፥ ሸራውን አስተካክሎ መሞከር፥ ቁልቁለቱን ከሽቅቡ በሚወጣበት በዚያው ዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፥ እነዚህ ሁሉ የድኻ ሀብት ናቸው። ለሁለት አዲስ ታምቡር ገንዘብ ያጣ ሰው፥ ወሰኑ ገና ካላለፈ፥ ሁለቱን አሮጌዎች በአንድ ልክ አስልጎ ሊጠቀም ይችላል፤ አንድ አዲስና አንድ ያለቀ ከሚገጥም ይህ ይሻላል። ወሰኑ ካለፈ ግን ቁርጡን መናገር ግድ ነው። በዚያ ጊዜ መካኒኩ «ይህን አልገጥምም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ ታምቡሩን በባለቤቱ እጅ አስይዞ የሳሳውን ማሳየት አለበት። ባለቤቱ ተቆጥቶ ወደ ሌላ ጋራዥ ቢሄድ፥ መካኒኩ የዚያን ቀን ገቢ ያጣል። ይህ እውነተኛ ኪሣራ ነው፤ ትንሽ ነው ብለን አናቃልለው። ነገር ግን የቆመ መኪና ገንዘብ ሲገኝ ተመልሶ ይሄዳል፤ ገደል የገባ ሰው ግን ተመልሶ አይመጣም።

እዚህ ላይ ፍርዱን በመካኒኩ ጫንቃ ላይ ብቻ ጥለን እንዳንሄድ፥ የእኛንም የሌሎቹን ድርሻ መመርመር ይገባል። በአገራችን ብረት ሠራተኛ ለብዙ ዘመን ቀጥቃጭ፥ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ እጅግ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። በብረት የሚሠራውን ሰው ስንንቅ ኖረን፥ ዛሬ ሕይወታችንን በእጁ ላይ አስቀምጠን ቁልቁለት እንወርዳለን። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ በሌላ መልክ አለ፤ እርሱም በክፍያችን ይታያል። መኪናው አዲስ ቀለም ሲቀባ፥ ወንበሩ ሲለብስ፥ ሳንከራከር እንከፍላለን፤ ለፍሬን ሥራ ስንጠየቅ ግን «ምን ሠራህና?» እንላለን። ለሚታየው ብቻ የሚከፍል ሰው፥ ሠራተኛው ለሚታየው ብቻ እንዲጨነቅ ያስተምረዋል። ቀስ ብሎ የሚወርደውን ነጂ «አፍጥነው እንጂ፥ መሸብን!» የሚለው ተሳፋሪም ከዚሁ ወገን ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ማንም በማያየው ሥራ ላይ ያለብን ዕዳ ከሚታየው ሥራ ዕዳ አያንስም፤ ይበልጣል። የሚታየው ሥራ ብዙ ጠባቂ አለው፤ ገዥው ያየዋል፥ ጎረቤት ይተቸዋል፥ ሹም ይቈጣጠረዋል። የማይታየው ሥራ ግን አንድ ጠባቂ ብቻ አለው፤ እርሱም የሠራው ሰው ነው። ያ አንዱ ጠባቂ ከተኛ ቤቱ ባዶ ቀረ ማለት ነው። ይህ ነገር ለመካኒክ ብቻ የተነገረ አይደለም። መድኃኒት የሚመዝነው፥ ግምብ የሚገነባው፥ የተማሪን ፈተና የሚያርመው፥ መዝገብ የሚጽፈው፥ እያንዳንዱ በሥራው ውስጥ ጎማ ከታሰረ በኋላ የማይታይ አንድ ታምቡር አለው።

አንባቢ ሆይ፥ አሮጌ መኪና ካለህ ፍሬኑን በምታሠራበት ቀን ከመካኒኩ አጠገብ ቁም፤ ልትጠረጥረው ሳይሆን ልታከብረው። የወጣውን አሮጌ ታምቡር አሳየኝ በለው፤ ደኅና ሠራተኛ ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ለጥንቃቄው የጠየቀህን ዋጋ አትቍረጥበት። መካኒክ ከሆንህም ቀዳዳው አልገጥም ባለህ ጊዜ፥ በጓሮህ ማንም በሌለበት፥ አህያውን እየነዳ ዳገቱን የሚወጣውን ያን ገበሬ አስበው፤ ዳዶውንም ወደ ፊት አጥብቀው።